የሰባቱ ወንበር

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የእኅቴ ልጅ፣ እኔም ተወልጄ ባደግሁባት፣ ከአንዱ ጫፏ ተነሥቶ እስከ ሌላው ጫፏ በእግር በግማሽ ሰዓት በምትታለፍ ትንሽ የደጋ ከተማ፣ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። በተመረጠ በሳምንቱም እቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይታገሥ፣ «ጋሼ፣ ሥራህ ይህ ነው የሚል ወረቀት ሰጥተውኛል፤ ስለ ወንበሩ ግን የነገረኝ ሰው የለም። ከኔ በፊት ማን ተቀመጠበት? ምንስ ሠርቶ ተነሣ?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያ ዕለት የመለስሁለት ጥቂት ነው፤ ነገሩ በሦስት ሲኒ ቡና የሚያልቅ አልነበረምና። ጥያቄው ግን ከልቤ ስላልወጣ፣ ካነበብሁትና ከአባቶች አፍ ከሰማሁት የተረዳሁትን በዚህ ጽሑፍ አሰባስቤ እነሆ አቀርባለሁ።

የነገሩን ሥር ለማግኘት አስቀድሞ ቃላቱን መመርመር ይገባል። ዛሬ የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚመራው ሰው አፈ ጉባኤ ይባላል፤ በቀድሞው ዘመን ግን አፍ የሚቆመው ለንጉሥ ነበር፤ አፈ ንጉሥ የተባለው ሹም በንጉሡ ፈንታ ፍርድ የሚናገር፣ ከዳኞች ሁሉ በላይ የሆነ ሰው ነበርና። እንደራሴ የሚለውም ስም እንዲሁ ነው፤ ንጉሡ ሕፃን በሆነበት ወይም ከመንበሩ በራቀበት ጊዜ እንደ ራሱ ሆኖ አገር የሚጠብቅለት ባለሥልጣን እንደራሴ ሲባል ኖሮ፣ ፓርላማ ከቆመ በኋላ ግን ስሙ ወርዶ በሕዝብ ፈንታ ለሚናገረው ሰው መጠሪያ ሆነ። ስሞቹ ከዙፋኑ ሥር ወደ አደባባይ ለመውረድ አንድ ትውልድ በቃቸው፤ በስሞቹ የሚጠራው ሥልጣን ግን አብሯቸው አልወረደም፤ ወደ ኋላ ቀረ፤ አንዳንድ ጊዜም ከመንገድ ተመለሰ። የትንሽ ከተማ ተመራጭ ታሪክ ስም ቀድሞ ሥልጣን የዘገየበት ታሪክ ነው ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው።

ከተማ የሚለው ስም ራሱ በዜና መዋዕሎቻችን ብዙ ጊዜ የሚገኘው የንጉሥ ወይም የመኰንን ድንኳን የተተከለበትን፣ ሠራዊት የሰፈረበትን ቦታ ለማመልከት ነው፤ ሰፈርም ሰፈረ ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑን ለማወቅ ሰዋስው መማር አያሻም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ ለመኳንንቱ ቦታ እየተመራ፣ እያንዳንዱ መኰንን ጭፍሮቹንና ቤተ ሰቡን በዙሪያው አስፍሮ ስለ ነበር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለ እስከ ዛሬ በጌቶቹ ስም ይጠራል። በእንደዚህ ያለ ሰፈር የሚያድር ሰው መንገዱ ቢፈርስ፣ ምንጩ ቢደፈርስ፣ ለጌታው ደጅ ይጠናል እንጂ ከጎረቤቱ ጋር ስለ መንገዱና ስለ ምንጩ ጉባኤ አያቆምም፤ ቦታው የጌታው ነውና።

ጥንታውያኑን ከተሞች ስንመለከት ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል የሚፈጸም አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ጎንደር፣ ከንቲባ የሚለውን ማዕርግ ለመላው አገር ያወረሰች ከተማ ናት። በውስጧም እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ የእስላም ነጋዴዎች ሰፈር የነበረው አዲስ ዓለም የየራሳቸው ወግና አለቃ ነበራቸው፤ በተለይም እጨጌ ቤት ከንጉሥ ቁጣ የሸሸ ሰው ሳይቀር የሚማጸንበት፣ የሹም እጅ በቀላሉ የማይገባበት ግዛት ነበር። ወደ ምሥራቅም ብንሄድ፣ አምስት በሮች ያሉት የሐረር ግንብ በውስጡ ያቀፈው ሕዝብ በአሚሮቹ ሥር ሲገዛም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ሠርጉንና ቀብሩን አፎቻ በተባለው ማኅበሩ እየተረዳዳ ያከናውን ነበር። በገበያው በኩል ደግሞ ነጋድራሱ አለ፤ ቀረጥ ተቀባይ፣ የነጋዴዎች አለቃና ዳኛ ነበርና፣ ከመኰንኑ ይልቅ ለነጋዴው የሚቀርበው እርሱ ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመላቸው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነጋድራስ የሚለውን ማዕርግ የተሸከሙ መሆናቸውን ሳስብ፣ ስለ ሕዝብ አስተዳደር ጠለቅ ብሎ የተጻፈው ቀደምት ሐተታ ከገበያና ከጉምሩክ ሰው ብዕር መውጣቱ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ለትንሿ ከተማ ተመራጭ ግን እውነተኛዎቹ አባቶች በነዚህ በስመ ጥር ከተሞች ውስጥ አይገኙም፤ በገጠሩ አጥቢያ ነው የሚገኙት። በጎጃምና በበጌምድር ባሉ ብዙ አጥቢያዎች ጭቃ ሹምነት በርስተኞች መካከል በየዓመቱ በተራ የሚዞር ሹመት ነበር። ዘንድሮ ግብር ያስገባው፣ የጎረቤቱን ጠብ ያየው፣ የበላዩን ትእዛዝ ያሰማው ሰው፣ ከርሞ ተራው ሲያልፍ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል፤ ትናንት ያዘዘው ጎረቤቱም ዛሬ ያዘዋል። ነገ እንደሚታዘዝ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ሲያዝ ልክ ያውቃልና፣ ይህን ሥርዓት ከአውሮፓ ከመጣው የምርጫ ሥርዓት ጋር ለማነጻጸር የሚቸኩሉ ሰዎች ስለዚህ ነገር አስቀድመው ቢያጤኑ እወዳለሁ። ርስት የሌለው፣ በእደ ጥበብ ያደረው፣ «ቡዳ» እየተባለ የተናቀው ሸማኔና ቀጥቃጭ ግን ከዚያ ተራ ውስጥ አልነበረም፤ ይህንም ሳይናገሩ ማለፍ በደልን መሸፈን ነው።

ከዚሁ ጋር አውጫጭኝ አለ። ከብት ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል፣ ሰው በስውር ሲገደል፣ ያገሩ ሰው በሙሉ ከአንድ ሜዳ ይሰበሰብና በተመረጡ ሽማግሌዎች ፊት በመሐላ የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠየቃል፤ ነገሩ እስኪገለጥ ድረስም ወደ ሥራው አይሰናበትም። በግልጽ መመስከር የፈራ ሰው የነገሩን ምንጭ ሳይገልጥ «ወፍ ነገረችኝ» ማለት ይችል ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ወፊቱ ማን እንደ ሆነች አይመረምሩም። ይህ ሥርዓት ድሀውን በመከር ወራት ከአውድማው እያስቀረ ያስጨነቀ፣ ለቂመኛም መንገድ የከፈተ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የአገሩ ሰላም የራሱ ዕዳ መሆኑን ይማር ነበር፤ ሽማግሌውም የሰማውን ሁሉ እንዳይናገር፣ ሳይሰማም እንዳይናገር ተጠንቅቆ ነገር የመያዝን ጥበብ እዚያ ተማረ። በኋላ ዘመን በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ከረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡት ሰዎች ጥበቡ የመጣላቸው ከዚህ ነው፤ በኋላ ከወጣው አዋጅ ያገኙት ወንበሩን ብቻ ነው።

ማዘጋጃ ቤት የሚለው ስም ከዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ ተለመደ፤ የመጀመሪያው ከንቲባም ወልደ ጻድቅ ጎሹ ነበሩ። በኋላም ሊቁ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ብላቴን ጌታ ከመባላቸው አስቀድሞ፣ የዚሁ መሥሪያ ቤት ዲሬክተር ሆነው ሠርተዋል፤ መጽሐፍ የሚያርም እጅ የከተማ መዝገብም ሲያቀና ማየት የዚያ ዘመን ልዩ መልክ ነው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቆምም፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ የተደነገገ ስለ ነበር፣ እንደራሴ የሚለው ስም ሕዝብን ከመንካቱ በፊት በመንገድ ላይ ቆሞ ቆየ። ከዚያም የጠላት ወረራ መጣ። በአምስቱ ዓመት ጠላት በከተሞቻችን መንገድ ቀየሰ፣ ድልድይ ሠራ፣ የከተማ ፕላንም ነደፈ፤ ነገር ግን ፕላኑ ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ፣ ያገሩን ሰው ወደ ዳር የሚገፋ ነበርና፣ በከተማው ነገር ላይ የነዋሪው ቃል አልተጠየቀም።

ነጻነት በተመለሰ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። በዚህ ደንብ አገሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለ፤ ገዢውም እንደ ቀድሞው በሕዝቡ ላይ ሲሳይ የሚቆረጥለት መሆኑ ቀርቶ ደመወዝ ተቀባይ ሆነ። ማዘጋጃ ቤቶችም በዚሁ ደንብ፣ ከዚያም በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ሥርዓት ተበጀላቸው። ለአዲስ አበባና ለጎንደር ከንቲባ፣ ለሌሎቹ የከተማ ሹም እንዲሾም ሆነ፤ በሹሙ ሰብሳቢነትም የየሚኒስቴሩ ወኪሎች የሚቀመጡበት ምክር ቤት ተቋቋመ። ከነዚህ ወኪሎች ጋር፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካላቸውና በሥራቸው ከታወቁ ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች መካከል ሰባት ሰዎች እንዲቀመጡ ታዘዘ። የእኅቴ ልጅ የጠየቀኝ ወንበር የተጠረበው በዚያን ጊዜ ነው።

ከሰባቱ አንዱ የነበሩትን አንድ አዛውንት በልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ነበራቸው፤ ጽሕፈት ከንባብ ጋር አስተካክለው ያወቁት በዳዊት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቄራው ይወርዱ ነበር፤ የታረደው ከብት ሳይታይ እንዳይሸጥ፣ ደሙም ወደ ወንዙ እንዳይለቀቅ በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። ከዚያ ወደ ገበያው ወጥተው የእህል ተራውን፣ የጨው ተራውን፣ የሸማ ተራውን ይዞራሉ፤ አንዲት ጠላ ሻጭ የቦታ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ ብላ ብታለቅስ፣ ደረሰኟን ተቀብለው በኩታቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙላታል። ዋናው ችሎት ግን የሚቆመው እሑድ ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ለሚመጣው ሁሉ ጆሯቸውን ይሰጡ ነበር። የአጥር ወሰን፣ የጎርፍ ቦይ፣ የጎረቤት ፍየል፣ የሞተ ባል የተወው የቦታ ካርታ፤ ሁሉም እዚያ ይመጣል። አንድም ቀን «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» ሲሉ አልሰማሁም።

በዚያ ዘመን የከተማው ገቢ ከየት ይመጣ እንደ ነበር ላስረዳ። የቦታና የቤት ግብር፣ የገበያ ቦታ ክፍያ፣ የእርድ ክፍያ፣ የንግድ ፈቃድ፤ ከሞላ ጎደል ይኸው ነበር። ትንሿ ከተማ በዚህ ገንዘብ የመብራት ምሰሶ ታቆማለች፣ ዘበኛ ትቀጥራለች፣ ምንጭ ታጠራለች፣ ቆሻሻ ታስጠርጋለች ተባለ። ነገር ግን በጀቱ ከበላይ ሳይጸድቅ አንዲት ሳንቲም አትወጣም ነበር፤ ሹሙም ከላይ ተሹሞ የመጣ እንጂ በሰባቱ የተመረጠ አልነበረም። እኒያ አዛውንት በከተማው መካከል በሚወርደው ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያመለክቱ፣ ማመልከቻው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ በላዩ፣ ከበላዩም ወደ ሌላ በላይ እየተላለፈ ሲጓዝ፣ በሦስተኛው ክረምት አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎርፍ ወሰዳት። የእድሩ ሰዎች ከቀብሯ ማግሥት ባሕር ዛፍ ቈርጠው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ በሁለት ቀን ድልድዩን ዘረጉት። አዛውንቱ በዚያን ጊዜ ለአባቴ የተናገሩትን ቃል ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ «እኛ እንናገራለን፤ የሚፈርመው ሌላ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ እድሩ ነው» አሉ። ከሰባቱ አንዱ በመሆናቸው ያፍሩ ነበር፤ የእድሩ አለቃ ሆነው ግን ድንጋይ ከተሸከሙት መካከል ነበሩ።

ይህን የምተርከው ያን ዘመን ለመንቀፍ ብዬ አይደለም፤ በአንድ ሰው ላይ የተደራረቡትን ሁለት ኃላፊነቶች ለማሳየት ነው። አዋጁ የሰጠው ወንበር ሲናገር የሚሰማው አልነበረም፤ እድርና ማኅበር የሰጡት ወንበር ግን ሳይናገርም ይሠራ ነበር። እድር በከተሞቻችን የተስፋፋው በዚያው ዘመን ሲሆን፣ ቀብር ለማስፈጸም የተሰበሰበው ወርኃዊ መዋጮና የተቈጠረው አባል፣ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ይልቅ የሰፈሩን ሰው በትክክል የሚያውቅ መዝገብ ሆነ። ቤት ተከራይቶ የሚኖረው፣ ርስትም ግንብም የሌለው ሰው ከሰባቱ ለመሆን አይችልም ነበር፤ በእድሩ ውስጥ ግን ከባለ ግንቡ እኩል ያዋጣል፣ እኩል ይቀበራል፣ ዳኛም ጸሐፊም ሆኖ ሊመረጥ ይችላል። በ1939 ዓ.ም. የወጣው የአጥቢያ ዳኛ አዋጅም ይህን የቆየ ጥበብ ለመጠቀም የተደረገ ሙከራ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እስከ 25 ብር የሚደርሰውን ጥቃቅን ክርክር፣ እስከ 15 ብር መቀጮ የሚያስቀጣውን ጥፋት፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው በቅርብ እንዲያየው ያደረገ ነውና።

ቀስ በቀስ ስሙ ወደ ሕዝቡ ቀረበ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ አደረገ፤ ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ተወዳዳሪ ለመሆን ግን በምርጫው ክልል ንብረት ማስመዝገብ ያስፈልግ ነበርና፣ ድሀው መራጭ እንጂ ተመራጭ አልሆነም። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው የሚያስተዳድሩበት፣ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤትም የሚኖራቸው ትእዛዝ ወጣ፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚገኝበት ሕግ ግን በፓርላማው ሳይጸድቅ ስለ ቀረ፣ ምክር ቤቱ በወረቀት ላይ እንዳለ አረጀ። ያ ትእዛዝ በሥራ ውሎ ቢሆን ኖሮ ትንንሾቹ ከተሞቻችን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣውን ማዕበል በሌላ ጉልበት ይቀበሉት ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ማዕበሉ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በተለመደው ስማቸው ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። የንብረት መስፈርቱ ባንድ ቀን ወደቀ፤ ትናንት ጭሰኛና ተከራይ የነበረው ሰው የሰፈሩ ሊቀ መንበር ሆነ፤ እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ቀበሌው ራሱ ያዘ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ይህ ለብዙ ድሀ ቤተ ሰብ እውነተኛ እፎይታ እንደ ነበር የሚክድ ሰው በዚያ ዘመን ያልኖረ ነው። ቀበሌው ስኳርና ዘይት አከፋፈለ፣ የመሠረተ ትምህርት ሰሌዳ ሰቀለ፣ ፍርድ ሸንጎ አስቀመጠ። ነገር ግን በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ያው የቀበሌው ቤት የጎረቤት ልጅ ታስሮ የሚያድርበት፣ ከዚያም ሳይመለስ የሚቀርበት ቤት ሆነ። በደጀ ሰላም ጥላ ሥር ጆሮ የሰጠው ሰው ቦታ፣ ጆሮው ለሌላ የሚሠራ ሰው ተተካበት፤ ወፊቱም ማን እንደ ሆነች ተመረመረች። አዛውንቱ በዚያ ዘመን በሕይወት ነበሩ። ሁለቱ ቆርቆሮ ቤቶቻቸው አንድ ሆነው ቀሩ፤ ስለ ቤታቸው ሲያዝኑ አልሰማሁም፤ ሰው ከእርሳቸው ጋር ሲነጋገር ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ግን እስኪሞቱ አልለመዱትም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ለሁላችንም ቅርብ ስለ ሆነ አላረዝመውም። በ1984 ዓ.ም. የወረዳና የክልል ምክር ቤቶች ተመረጡ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ50ኛው አንቀጽ ክልሎች ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጡ ደነገገ፤ ከ1994 ዓ.ም. አንሥቶም በትልልቆቹ ክልሎች ወረዳዎች ድጎማውን ባንድነት እየተቀበሉ በጀታቸውን ራሳቸው እንዲደለድሉ ሆነ። ከንቲባው ከምክር ቤቱ መካከል የሚመረጥ፣ ለምክር ቤቱም የሚጠየቅ ነው ተባለ። ሰባቱ ብዙ ሆኑ፤ ሴቶችም በመካከላቸው ተቀመጡ፤ የንብረት ጥያቄ ቀረ። ሆኖም ተወዳዳሪውን የሚያቀርበው ፓርቲ አንድ ብቻ በሆነበት ከተማ፣ ተመራጩ ወደ ሰፈሩ የሚያይባት ዓይኑና ወደ በላዩ የሚያይባት ዓይኑ ሳይጋጩ የቀሩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ በየጊዜው ነግሬዋለሁ። በመጀመሪያው ጉባኤ፣ ለሁለት ቀን ሪፖርት ሲነበብ ሰምቶ፣ እጁን አውጥቶ፣ ተፈቅዶለትም የጠየቀው በዚያው ወንዝ ላይ ስላለው ድልድይ ነበር፤ የባሕር ዛፉ ግንድ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ አሁንም የእግረኛ መሻገሪያ ነው። መልሱ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። እርሱም የመልሱን ግልባጭ አስገልብጦ፣ ለእድሩ ጸሐፊ ሰጠው፤ ይህን ማድረጉን በሰማሁ ጊዜ ከጓዳ ሆኜ የሰማሁት የአዛውንቱ ቃል ትዝ አለኝ።

የተመረጠበት ዘመን አምስት ዓመት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው የአካባቢ ምርጫ ተላለፈ፤ በማግሥቱም ዓመት ዳግመኛ ተላለፈ። ተተኪ ስላልተመረጠለት በወንበሩ ላይ ቆየ፤ ቁልፍና ማኅተም ይዞ የሚረከበውን አጥቶ እንደሚጠብቅ ሰው። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ወደ አገር ቤት ወርጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስፈልገው፣ ከደጀ ሰላሙ በስተ ቀኝ፣ ከግንቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አንዲት መበለት የቦታ ካርታዋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ከፊቱ ቆማለች፤ ከኋላዋም ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። እኔንም በእጁ ምልክት አስቀመጠኝና ወደ ሴትዮዋ ዘወር ብሎ፣ «እሺ እትዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ» አላት።